ገመዱ እስኪለምድ

ይህ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ማመን ያቃተው ይተወው፤ ለመከራከር አቅም የለኝም... በጣም ደክሞኛል።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ፀሐይዋ ጠራራ። የቴፕና የስፒከር መጠገኛ ሱቄ ውስጥ ብቻዬን ነኝ።

ሙያውን ያስተማረኝ የለም። የተበላሸውን ስፈታ፣ ስገጥም ነው ያወቅሁት። ስለዚህ ስለ ሽቦ ማንም እንዲያስረዳኝ አልወድም።

ጋሼ ግን አስረዱኝ።

ጋሼ ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ናቸው። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ የቀረላቸው የሚስታቸው ድምፅ የተቀዳበት አንድ ካሴት ነው። የጋሼም አንዱ ጆሮ ተዘግቷል፤ ሌላውም እየደከመ ሄዷል፤ ሐኪሙ «መዘጋቱ አይቀርም» ብሏቸዋል። ሳይዘጋ ያንን ድምፅ ጥርት አድርገው መስማት ይፈልጋሉ። ሌላ ምንም።

ለዚሁ ብለው ካሴቱንና አዲስ የስፒከር ገመድ ይዘው መጡ።

«ልጄ፣ አዲስ ገመድ ወዲያው ጥርት ያለ ድምፅ አያወጣም። መጀመሪያ መልመድ አለበት።»

«ጋሼ፣ መዳብ እኮ ነው። ጫማ መሰለዎት፣ ሲያደርጉት የሚሰፋ?»

«ግዴለም... አንቺ ብቻ አለማምጂልኝ።»

ለካሁት። ሱቄ ውስጥ ካለው አሮጌ ገመድ በምንም አይለይም። ቢሆንም ልባቸው ይረፍ ብዬ እሺ አልኩ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሁለት ስፒከር በአዲሱ ገመድ ተያይዞ አፍ ለአፍ ይገጠማል፤ የአንደኛው ሽቦ ፕላስና ማይነሱ ይገለበጣል። ከዚያ ጣቢያ እንዳጣ ሬዲዮ ሽሽሽ የሚል ድምፅ ይለቀቅባቸዋል። የአንዱን ድምፅ ሌላው ያጠፋዋል። ገመዱ ሲሠራ ይውላል፣ ክፍሉ ግን ጸጥ ይላል።

ብርድ ልብስ ደረብኩበትና ወደ ሥራዬ ዞርኩ።

ጸጥ አለ...

ከሞላ ጎደል።

ከብርድ ልብሱ ሥር የሆነ ሰው ይተነፍሳል።

ሬዲዮ ጠልፎ ነው አልኩ። ገመድ አንዳንዴ ይጠልፋል። ጆሮዬን አስጠጋሁ።

ትንፋሽ... ጉሮሮ መጥረግ... ከዚያ የሴት ሹክሹክታ።

«እሱ ነው?»

ሶኬቱን ነቀልኩት።

ትንፋሹ አልቆመም።

በማግስቱ ጋሼ ሲመጡ በር ላይ ጠበቅኳቸው።

«ይሄን ገመድ አይውሰዱ። እሱ... ጤነኛ አይደለም።»

«ትናንት መዳብ ነው አላልሽም?»

እጄን ዘርግቼ ላስቆማቸው ሞከርኩ፤ አልፈውኝ ገቡ።

ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርገው ጎንበስ አሉ። ፊታቸው ተለወጠ።

«እኔ ነኝ» አሉ በቀስታ። «አዎ... ብቻዬን ነኝ።»

ገመዱን ፈተው፣ ጠቅልለው ወጡ። ካሴቱን ጠረጴዛዬ ላይ ትተውት።

ያንን ካሴት የሚረሱ ሰው አልነበሩም።

ላድርስላቸው ብዬ ሱቁን ዘጋሁ። እግሬን እየጎተትኩ ቤታቸው ደረስኩ። በሩ ገርበብ ብሏል።

ሳሎን ተቀምጠዋል። የገመዱን ጫፍ ጆሯቸው ላይ ለጥፈውታል። ቴፕ የለም። ስፒከር የለም።

«ጋሼ... ካሴትዎን አመጣሁ።»

«ምን ያደርግልኛል?» አሉ ሹክ ብለው። «ካሴቱ ላይ ያለችው ሁሌ ያችኑ ወሬ ነው የምትደግመው። ይቺ ትመልሳለች።»

«ሌላው ጫፍ የት ነው የተሰካው?»

«የትም። ይዛዋለች።»

ገመዱን በዓይኔ ተከተልኩት። ወለሉ ላይ ላልቶ ተጋድሟል... ምንጣፉን ያልፋል... በመኝታ ቤቱ በር ሥር ይገባል።

«ባለቤትዎ ናቸው? እርግጠኛ ነዎት?»

ጥቂት አዳመጡ።

«ድምፁ የሷ አይደለም» አሉ። «ገና እየለመደች ነው።»

ላልቶ የነበረው ገመድ ቀስ እያለ ተወጠረ።

ጋሼ ጫፉን ከጆሯቸው ሳያነሱ ብድግ አሉ። ኮታቸውን ያዝኩ። «ተዉ... ጋሼ፣ ተዉ።» አልሰሙኝም። ገመዱ በሌለበት ጆሯቸው ምንም አይሰሙም ነበር።

ኮቱ እጄ ላይ ቀረ።

የመኝታ ቤቱም በር ከውስጥ በኩል... አንድ ሰው ብቻ በሚያስገባ ልክ... ተከፈተ።