ባለ ሁለት ጣቱ ጋሼ

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ የምጽፈው በጠራራ ፀሐይ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ዓይኔ እያየ የሆነውን ነው።

ቢሯችን አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ስምንት ጠረጴዛ አለን፤ አንዱ ባዶ ነው።

ባዶው የጋሼ ነበር...

ጋሼ ሃያ ዓመት ኮድ የጻፉ ሰው ናቸው፤ ያውም በሁለት ጣት ብቻ። ከደንበኞች የሚመጣውን የመረጃ ፋይል እያዩ ክላስ ይጽፋሉ። ክላስ ማለት ፕሮግራሙ መረጃውን የሚያስቀምጥበት ቅርጽ ነው፤ ስም እዚህ፣ ስልክ እዚያ። ከእያንዳንዱ ክላስ በኋላ ሁለት ባዶ መስመር ይተዋሉ።

"ዓይን ይረፍበት፣ አንተ ልጅ" ይሉኝ ነበር። ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

እኔስ ምን አደረግኩ? ፋይሉን አንብቦ ክላሱን ራሱ የሚጽፍ ፕሮግራም ሠራሁ። ከዚያ ስብሰባ መሃል፣ አለቃችን ፊት፣ ደረቴን ነፍቼ "የጋሼን የሦስት ሳምንት ሥራ በአራት ሰከንድ!" አልኩ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ጋሼም አብረው ሳቁ።

በሳምንቱ የስንብት ደብዳቤ ደረሳቸው። ያጎረሰ እጁን ተነከሰ ማለት ይኸው ነው።

እሳቸው በወጡ በሦስተኛው ቀን፣ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ፕሮግራሜ የጻፈውን ከፈትኩ።

ከእያንዳንዱ ክላስ በኋላ... ሁለት ባዶ መስመር።

እኔ እንዲህ አድርግ አላልኩትም።

በማግስቱ አራቱ ሰከንድ አለፈ። ደቂቃ አለፈ። ስክሪኑ ላይ አንድ ፊደል ወጣ... ቆየት ብሎ ሌላ... ተሳሳተ፣ አጠፋ፣ እንደገና ጻፈ።

ይህን አጻጻፍ አውቀዋለሁ።

ልክ ስድስት ሰዓት ሲሆን ቆመ። ሰባት ሰዓት ላይ ቀጠለ። የጋሼ የምሳ ሰዓት ነው።

"አቋርጥ" የሚለውን ተጫንኩና ለማንም ሳልተነፍስ ወጣሁ።

ሲነጋ ይቅርታ ልጠይቃቸው ቤታቸው ደወልኩ። ባለቤታቸው አነሱት።

"እትዬ፣ ጋሼ አሉ?"

"እሱማ በጠዋት ሥራ ሄደ። ምነው?"

መባረራቸውን አልነገሯቸውም...

እትዬ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ምን እያሠራችሁት ነው ግን? ጣቱ አብጦ ነው የሚገባው። ትናንትማ 'ያ ልጅ መሃል ላይ አቋረጠኝ፤ ነገ እንደ አዲስ ልጀምር ነው' እያለ ሲበሳጭ አመሸ።"

ወደ ባዶው ጠረጴዛ ዞር አልኩ።

"ልጄ... እዚያ አለ አይደል?"

እውነቱን መናገር ነበረብኝ። አፈርኩ። ፈራሁም።

"አሉ፣ እትዬ። እዚሁ ሥራ ላይ ናቸው።"

ያን ማታ ጋሼ ቤታቸው አልገቡም።

ይኸው ዘጠኝ ቀን ሆነ። ፖሊስ ፈለገ፣ ዘመድ ፈለገ። የለም።

ፕሮግራሙ ግን ይጽፋል። ኮምፒውተሩን ባጠፋውም፣ ስከፍተው ካቆመበት ይቀጥላል። አንድ ፊደል... አንድ ፊደል... አሁን ስድስት ሰዓት ሲሆንም አይቆምም። ምሳ ቀርቷል።

ልሰርዘው ብል ፈራሁ። ብሰርዘውስ እሳቸው ምን ይሆናሉ?

ዛሬ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ስልኬ ጮኸ። እትዬ ናቸው። ድምፃቸው በለቅሶ ብዛት ተዘግቷል።

"ሥራ ላይ ነው ያልከኝ አንተ ነህ... በእናትህ፣ እውነቱን ንገረኝ። እዚያ አለ?"

ስክሪኑን አየሁ።

ፊደሉ በራሱ ቆመ። በዘጠኝ ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ሁለት ባዶ መስመር ወረደ... ከዚያ የሚቀጥለው ፊደል የሚያርፍበትን የምታሳየው ጭረት ብቻ ብልጭ ድርግም ትላለች፤ እኔ እስክናገር።