የጣርማ በሩ በርኖስ

ሻለቃ ወልደተንሣኤ በጣርማ በር ተኩስ ሜዳ፣ ከውጭ ለሙከራ ከመጡት ሁለት መትረየሶች ካንደኛው ፊት ለፊት፣ ጀርባውን ተመትቶ ተገኘ። የትኛው ለሠራዊቱ እንደሚገዛ የሚወስነው እሱ ነበር። ሰዉ ሁሉ «ብረቱ ግሎ ራሱ ተኮሰ» ብሎ ፈርዷል። የጎደለው የመርማሪዋ የሻምበል ሮዳስ ፊርማ ብቻ ነበር፤ እሷ ከፈረመች ይህ መትረየስ ከምርጫው ወድቆ ወታደሩ ሌላኛውን ይታጠቃል።

ሮዳስ በኮሚቴው ሰብሳቢ በኮሎኔል ኪዳነወልድ ጀመረች። የሟች አበልጅ ነው፤ ልጁን ክርስትና አንስቷል። ዓይኑ በለቅሶ ቀልቷል።

«ሦስት ዝናር ሳናቋርጥ ተኮስን። ዒላማውን ልይ ብሎ ወደፊት ሄደ። ለካ ከውስጥ አንዲት ጥይት ቀርታለች፤ ብረቱ አግሎ አፈነዳት።»

«እርስዎስ ምን አደረጉ?»

«ማንም እንዳይነካው፣ ጭጋጉም እንዳያረጥበው መትረየሱን በርኖሴን አለበስኩት። ከዚያ ወደ ሻለቃው ሮጬ ብደርስ አልቋል።»

«ወዲያው ነው ያለበሱት?»

«ጭሱ ሳይጠፋ አልኩሽ እኮ!»

የመሣሪያ ባለሙያው አሥር አለቃ አለምነህ ግን ተኩሱን አላየም።

«ጠዋት ሁለቱንም ሞከርን። ያኛው በብርዱ እምቢ አለ፤ ይሄኛው እንደ ውኃ ሄደ። ሻለቃም ‹ይሄ ነው› አለ። ረፋድ ላይ ኮሎኔል ምሳ አምጣ ብለው ደብረ ሲና ላኩኝ።»

የዚያኛው መትረየስ የሻጭ ወኪል ኤልሮኢ መኪናው ውስጥ ተኝቶ ነበር።

«ምንም አልሰማሁም። በዚህ ብርድ ሞተር አጥፍቶ የሚቀመጥ አለ እንዴ?»

«ከኮሎኔሉ ጋር ትተዋወቃላችሁ?»

«በሥራ» አለ ኤልሮኢ፣ ወደ መኪናው እየተመለሰ።

የጥይቱ ቀለህ ከጠዋቱ ሙከራ ቀለህ ጋር ተደባልቆ ስለተበተነ ከዚያ የሚገኝ ነገር አልነበረም። ሮዳስ በርኖሱን አንስታ ገለባበጠችው፣ አሸተተችውም። በግ በግ ይሸታል እንጂ ሌላ ሽታ የለውም።

በማግሥቱ ሁሉንም ሜዳው ላይ ሰበሰበች። የሟች ሚስት አስካለማርያምም ኮሎኔሉን ተደግፋ ቆማለች።

«አለምነህ፣ ሦስት ዝናር ሳታቋርጥ ተኩስ» አለች ሮዳስ። ተኩሱ እንዳበቃ ከመዘዞ ያስመጣችውን፣ የኮሎኔሉን የመሰለ የበግ ጠጉር በርኖስ ቁራጭ አፈሙዙ ላይ ጣል አደረገችው። ወዲያው ጠጉር የሚያር ሽታ ሜዳውን ሞላው፤ ቁራጩም ጠቆረ።

«ጥይት በግለቱ የሚያፈነዳ ብረት በርኖስ መለብለቡ አይቀርም። የኮሎኔሉ በርኖስ ላይ ግን አንዲት ጠጉር አላረረችም። ስለዚህ ብረቱ ቀዝቃዛ ነበር። ቀዝቃዛ ከሆነ ሦስቱ ዝናር አልተተኮሰም፤ ቀዝቃዛ ብረት ደግሞ ቃታውን ካልሳቡት አይተኩስም። አለምነህ ደብረ ሲና ወርዷል። ኤልሮኢ ከመኪናው አለመውረዱን የተኩስ ሜዳው በር ጠባቂ መስክሯል። ሜዳው ላይ የቀሩት ሟችና አበልጁ ኮሎኔሉ ብቻ ናቸው።»

ኮሎኔሉ ጭጋግ ሲመጣ ዕቃ ማልበስ የለመደ የአገሩ ሰው ነው፤ እጁ ከሐሳቡ ቀደመበት። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል።

«ግን ለምን?» አለ አለምነህ።

ኤልሮኢ አላስችል አለው። «ጡረታ ሲወጣ በውክልናው ሥራ ሸሪኬ እንዲሆን ቃል ገብቼለታለሁ። ሰው ግደል አላልኩም!»

«ሻለቃው ሞቶ የመረጠውም መሣሪያ ስሙ ከጠፋ፣ ያንተ ይገዛል» አለች ሮዳስ። ጠላት ቢሆን ባልገረማት።

አስካለማርያም ክንዷን ከኮሎኔሉ ክንድ ቀስ ብላ አወጣች። ከዚያ ቀን በፊት «እርስዎ» ሳትለው ቀርታ አታውቅም።

«ትናንት ስታለቅስ» አለችው፣ «ያጽናናሁህ እኔ ነኝ።»