የሽምብራው ጆንያና የቀለሙ መጥረቢያ

ኢንስፔክተር ሀብትነሽ ቢቸና ዳርቻ ካለው የእንዳለው ግቢ ስትደርስ አንድ ሰው ሞቷል፣ ሌላው ሊሞት ነው። የሞተው ባለቤቱ እንዳለው ራሱ ሲሆን ውስጥ አልጋው ላይ ነው። ሊሞት የተቃረበው ጎረቤቱ ቀለሙ ከባሕር ዛፍ ግንድ ጋር በጠፍር ታስሯል፤ ግራ ክንዱ ከክርኑ በታች ተሰብሮ ተንጠልጥሏል፤ አንድ ዓይኑ አብጦ ተደፍኗል፤ ከአፉ ደም ይንጠባጠባል። የሟች ታናሽ ወንድም ሰማው ሽመሉን ለሌላ ምት አንሥቶ ነበር።

«አውርደው!» አለች።

«ወንድሜን በመጥረቢያ ፈልጦት እኮ ነው!»

«አውርደው ብያለሁ። አብዱልሐኪም፣ ሽመሉን ተቀበለው።»

ኮንስታብል አብዱልሐኪም የሞጣ ልጅ ነው፤ በር ሁሉ የሚያስጎነብሰው ቁመት አለው። ሽመሉን ተቀበለ አይባልም፣ ነጠቀ። አጥሩን ተደግፈው የቆሙት የሟች የአጎት ልጆች ግን ጠመንጃቸውን ከትከሻቸው አላወረዱም።

«መንግሥት ሬሳውን ይመርምር፤ አንከለክልም» አለ ከመካከላቸው ታላቁ፣ ገብረ ኪዳን። «ቀለሙ ግን ከዚህ ግቢ በሕይወት አይወጣም።»

ሀብትነሽ አጥሩን በዓይኗ ለካችው። ጠመንጃው ብዙ ነው፤ ከእሷ ጋር ያለው ፖሊስ አንድ። የሚረዳት ኃይል እስኪመጣ ድረስ ይህን ሰው በሕይወት የሚያቆየው የእሷ ምላስ ብቻ ነበር።

የቀለሙ አባት በዱሮ ዘመን በድንበር ጠብ የእንዳለውን አጎት ገድሎ ነበር። ሽማግሌ ገብቶ፣ ጉማ ተከፍሎ፣ ታርቀው ሁለቱ ቤቶች እሳት እስከ መጫጫር ደርሰዋል። ነገር ግን ደም የሚባለው ነገር በዚህ አገር ለሰነፍ ጭንቅላት ትልቅ ዕረፍት ነው፤ ሰው በሞተ ቁጥር ማንም ማሰብ ሳያስፈልገው ገዳዩ ይታወቃል። ሀብትነሽን ከወንጀለኛ ይልቅ የሚያናድዳት ይኸው ነበር።

ወደ ጓዳው ገባች። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሽምብራ ጆንያ ተደርድሯል፤ ከጆንያውና ከጠፍር አልጋው መካከል ሰው በጎኑ ካልሆነ አያልፍም። እንዳለው በጀርባው ተኝቷል። መጥረቢያው ግንባሩን ለሁለት ከፍሎ እስከ አፍንጫው ሥር ወርዶ እዚያው ቀርቷል። ብርድ ልብሱን ደረቱ ድረስ እንደለበሰ ነው። እጆቹ ሊከላከሉ አልተነሡም። ደሙ ግድግዳውን እስከ ጣሪያው ረጭቶ፣ ፍራሹን አልፎ፣ በጠፍሩ መካከል ወርዶ ከአልጋው ሥር ረግቷል።

«ደሙን በደንብ እየው» አለችው አብዱልሐኪምን። «እስከ የት እንደ ደረሰ አትርሳ። አሁን ደግሞ አሽትት።»

«ደም ይሸታል።»

«ሌላስ?»

አፍንጫውን አነሣ። «ነጭ ሽንኩርት… የበሰበሰ ዓሣም ይመስላል።»

አልጋው ራስጌ መሬቱ ላይ አመድ ተነስንሷል። በብዕሯ ጫፍ ገለጥ ብታደርገው ከሥሩ ትውከት ነበር። በሟች ማተብ ላይ የታሰረው የብር መስቀል እንደ ከሰል ጠቁሯል። ከጆንያዎቹ ሥር ሁለት አይጦች እግራቸውን ዘርግተው ሞተዋል። ጠባቧ መስኮት ወለል ብላ ተከፍታለች፤ ተወትፎባት የነበረው አሮጌ ጨርቅም ተጣጥፎ ከሥሯ ተቀምጧል።

«ውጣ» አለች ሀብትነሽ ድንገት፣ ነጠላዋን ወደ አፍንጫዋ እየሳበች። «እዚህ ቤት ውስጥ ብዙ አይቆይም።»

መጀመሪያ ያነጋገረችው ቀለሙን ነው፤ እንደታሰረ።

«መጥረቢያው ያንተ ነው?»

«የኔ ነው፤ እጀታውን የጠረብኩት እኔ ነኝ። በቀደም ግንድ ልፍለጥበት ብሎ ወሰደው።»

«ሲወስድ ማን አየ?»

«ማን ያያል? ለጎረቤት መጥረቢያ ሲያውሱ ምስክር ይጠራል እንዴ?» ደሙን ተፋ። «ኡኡታ ስሰማ ሮጬ የመጣሁት እኔ። ብገድለው ኖሮ በዚህ በር እገባ ነበር?»

ሰማው ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር። እህል ነጋዴ ነው፤ ኑሮው ሞጣ። ደልደል ያለ ሰውነት፣ ንጹሕ ጫማ። ዓይኑ ቀልቷል፤ ልቅሶው የውሸት አይመስልም፣ አልነበረምም።

«ትናንት ሽምብራውን ከሞጣ ጭኜ መጣሁ። መጋዘኔ ስለሚያፈስ ወንድሜ ጓዳ አስገባሁት። ማታ ከተማ አልጋ ይዤ አደርኩ። ጠዋት ልሰናበተው ብመጣ፣ ያው እንዳዩት።»

«ወደ ውስጥ ገብተሃል?»

«ከበሩ ላይ ነው ያየሁት። ሽታው መች ያስገባል!»

«የምን ሽታ?»

«የሬሳው ነዋ።»

«ዛሬ የሞተ ሰው?»

ሰማው ጋቢውን አስተካከለ። መልስ በመስጠት ፈንታ፣ «ለቀስተኛ ሳይመጣ እነዚያን ጆንያዎች ባወጣቸውስ? ቦታ ይዘዋል» አለ።

ሀብትነሽ ትኩር ብላ አየችው። ወንድሙ ግንባሩ ተከፍሎ ተኝቶ ሽምብራ ትዝ የሚለው ሰው ወይ ልቡ ድንጋይ ነው፣ ወይ ሽምብራው ያስፈራዋል።

የሟች ሚስት አየሁሽ ለአክስቷ ለቅሶ ደብረ ወርቅ ሰንብታ ደረሰች። በሩ ላይ የቆመውን ሕዝብ ስታይ ገባት። ጉንጯን በጥፍሯ ቀደደችው፤ ደሙ በአገጯ ወረደ። ሴቶች ይዘው ሊያስገቧት ሲሉ ሀብትነሽ ከለከለቻቸው፤ ራሷ አቅፋ ከጓዳው በር አርቃ አስቀመጠቻት። ልቅሶው እስኪሰክን ጠብቃ፣

«እህቴ፣ አንድ ሰው ሊገደል ነው። ጥቂት ነገር ብቻ ንገሪኝ» አለቻት። «የባልሽ መስቀል ምን መልክ ነበረው?»

«ብር ነዋ። ለፋሲካ ፈትጌ እንዲያብረቀርቅ አድርጌዋለሁ።»

«መስኮቱንስ ማን ከፈተው?»

«ተወትፎ ነው የተውኩት። እንዳለው ብርድ አይችልም፤ ከክረምት ወዲህ አልተነካም።»

«ቤታችሁ ውስጥ መርዝ አለ? የአይጥ፣ የነቀዝ፣ የተባይ፤ ማንኛውም።»

የአየሁሽ ፊት ተለወጠ። «ልጄን በምን የቀበርኩ መስሎሽ ነው? ማላታይን የሚሉት የተባይ መርዝ የነበረበት የለስላሳ ጠርሙስ ነው። ታጥቧል ብለን ውኃ አኖርንበት፤ ጠጣችው። ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁሉ ለቅመን ለግብርና ሠራተኞች አስረከብን። ነቀዝ ሲመጣ ፀሐይ እናሰጣለን፣ እናበጥራለን፣ አመድ እናሸዋለን፤ ካልሆነም ይብላው። እንዳለው መርዝ በዚህ በር አይገባም ብሎ ምሎልኛል።»

«ሰማው ይህን ያውቃል?»

«ሬሳዋን ታቅፎ የሄደው እሱ አይደል እንዴ!»

ሀብትነሽ ተነሣች። አሁን የቀራት አንድ ነገር ነበር። አብዱልሐኪም አፍንጫውን በጨርቅ ጠፍንጎ አንድ ጆንያ ጎትቶ ሜዳ ላይ አወጣና በቢላዋ ተረተረው። ሽምብራው ፈሰሰ። ከመካከሉ በእራፊ ጨርቅ የተቋጠረ ግራጫ ዱቄት ዱብ አለ።

ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ገብረ ኪዳንና የአጎት ልጆቹ አጥሩ ጋ፣ አየሁሽ በሴቶች መካከል፣ ሰማው ደጃፉ ላይ፣ ቀለሙ ከግንዱ ጋር።

«እናንተ መጥረቢያውን ብቻ ነው ያያችሁት» አለች። «እኔ አይጦቹንም አየሁ። አይጥ በመጥረቢያ የፈለጠ የለም፤ እነሱን የገደለ ነገር ግን ክፍሉ ውስጥ ነበር። ይህ ቋጠሮ የነቀዝ ኪኒን ነበር። እርጥበት ሲነካው ጋዝ ይተፋል፤ የሚቀረው ይህ ዱቄት ነው። ሽታው ነጭ ሽንኩርት ይመስላል። ብርንም መዳብንም ያጠቁራል። ባለፈው ዓመት ሉማሜ ውስጥ ባልና ሚስት እንደተኙ የቀሩበትን ቤት እኔው ነኝ የመረመርኩት፤ የሴትዮዋ የብር ጌጥ እንደዚሁ ጠቁሮ ነበር። የእንዳለው መስቀል ለፋሲካ ያበራ ነበር፤ ዛሬ ከሰል ነው። ሌሊቱን ጋዝ ሲስብ አድሯል። አስመልሶታል። መጥረቢያው የመጣው እሱ ከወደቀ በኋላ ነው፤ ለዚህ ነው እጁ ያልተነሣ።»

«ቢሆንስ?» አለ ገብረ ኪዳን። «ቀለሙ ተኝቶ አግኝቶት ይሆናላ!»

«እሺ፣ ቀለሙ ይሁን። ሊገድል ገባ። ታዲያ ትውከቱን አመድ ያለበሰው ለምንድን ነው? መስኮቱን ከፍቶ ጨርቁን ያጣጠፈውስ? ደም ሊመልስ የመጣ ሰው ቤት አያናፍስም። መስኮት የሚከፍተው አየሩ እንደሚገድል የሚያውቅ ሰው ነው። ትውከት የሚሸፍነው፣ መርዝ እንዳይታወቅበት የሚፈራ ሰው ነው። ኪኒኑን ጆንያ ውስጥ የቋጠረው፣ ባለ ጆንያው ነው።»

የሁሉም ዓይን ወደ ሰማው ዞረ።

«ጓዳው አልገባሁም ብለሃል። እንደገባ ሰው ግን ሽታውን ታውቀዋለህ። ወንድምህ መርዝ እንደማያስገባ ስለምታውቅ ሳትነግረው ቋጠርክ፤ ሳትነግረው ከአጠገቡ ደረደርክ። አንተ ግን እዚያ አላደርክም።»

ሰማው ከድንጋዩ ተንሸራቶ መሬት ተቀመጠ። ከዚያ ጮኸ።

«እንዲሞት ብዬ አይደለም! ሽምብራው ሊነቅዝብኝ ነው፤ ሻጩ ምንም አያደርግም አለኝ! ጠዋት ስገባ ዝም ብሎ ነበር። ጠራሁት፣ ነቀነቅኩት፤ አረፋ ደፍቆ ሞቷል! የልጅቱ ነገር ትዝ አለኝ። አየሁሽን በምን ዓይኔ አያለሁ? አገር ምን ይለኛል? መጥረቢያው ከበሩ ኋላ ቆሟል፤ የቀለሙ መሆኑን አውቃለሁ… እኔ የመታሁት ሬሳ ነው! ስሙኝ፣ ወንድሜን አልገደልኩም፣ ሬሳ ነው የመታሁት!»

ሀብትነሽ ይህን ቃል ነበር የምትጠብቀው። ደስ ግን አላላትም።

«አብዱልሐኪም፣ ግድግዳው ላይ ምን አየህ?»

«ደም። ጣሪያው ድረስ ተረጭቷል።»

«ከአልጋው ሥርስ?»

«ረግቷል፤ ብዙ ነው።»

«ልቡ የቆመ ሰው ደሙ ጣሪያ አይደርስም፤ የሚገፋው የለምና» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ሰማው፣ መርዙ ወንድምህን ጥሎታል። የገደልከው ግን አንተ ነህ፤ መጥረቢያውን ስታሳርፍበት ልቡ ይመታ ነበር።»

ሰማው ግንባሩን ከደጃፉ ድንጋይ ጋር ያጋጭ ጀመር፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ደሙ እስኪፈስ። አብዱልሐኪም አንገቱን ይዞ አቆመው።

«ይተነፍስ ነበር?» አለች አየሁሽ።

«አዎ።»

«ሐኪም ቤት ቢያደርሰው ይተርፍልኝ ነበር?»

«እሱን ማንም አያውቅም» አለች ሀብትነሽ፤ መዋሸት አልፈለገችም። «እሱም አላወቀም፤ በሁለት እጁ ያነሣው መጥረቢያውን ነው።»

ጠመንጃ ሲቀባበል ተሰማ። ገብረ ኪዳን አፈሙዙን ወደ ሰማው ደረት አዙሮ ነበር፤ የገዛ አጎቱ ልጅ ነው፣ ሕፃን ሳለ በትከሻው ተሸክሞታል፤ ዓይኑ እንባ ሞልቷል። ሀብትነሽ ሽጉጧን ስትመዝ አየሁሽ ቀደመቻት። በአፈሙዙና በሰማው መካከል ቆመች።

«ተወው፣ ጋሼ።»

«አንቺ ዞር በይ! ደም ነው!»

«የማን ደም? ልትመልሱት የመጣችሁት ደም የፈሰሰው በገዛ እጃችሁ ነው። ይህ ቤት ልጄን በላ፤ ባሌን በላ። ሦስተኛ ሬሳ አላወጣም። እሱ ይኑር። ዳኛ ፊት ቆሞ፣ ሬሳ መስሎኝ ነው ብሎ ለአገር ሁሉ ይናገር፤ ማታ ማታ ደግሞ ለራሱ ይንገረው።»

ገብረ ኪዳን ጠመንጃውን ቀስ ብሎ አወረደው። ሄዶ ከአጥሩ ጋር አስደገፈው፤ ፊቱንም ወደ አጥሩ አዙሮ ቀረ።

አየሁሽ ወደ ባሕር ዛፉ ሄዳ ጠፍሩን በጥርሷ ፈታችው። የፖሊስ መኪና ደርሶ አስከሬኑ ለምርመራ ሊጫን ሲል፣ ቀለሙ በደህና እጁ የቃሬዛውን አንድ ጫፍ ያዘ። አልተወውም፤ ተው የሚለውም አልተገኘም። ሌላውን ጫፍ የያዘው ገብረ ኪዳን ነበር።

ሰማው እጁ ታስሮ ከኋላ ተሳፈረ። ሀብትነሽ ጓዳውን አሽጋ፣ ጆንያዎቹን ማንም እንዳይነካ አስጠንቅቃ ወደ መኪናው ስትሄድ አንድ ጊዜ ዞር አለች። አየሁሽ ለቀስተኛውን ትታ ግቢው መካከል ቆማለች። ዶሮዎቿ ወደ ፈሰሰው ሽምብራ እየተንደረደሩ ይመጡባታል፤ እሷም በነጠላዋ ጫፍ እየደጋገመች ታባርራቸዋለች፣ እያለቀሰች።