በሦስተኛው ቀን የተከፈተው ሳጥን

መርማሪዋ ስትደርስ ኮምፒውተር ጠጋኙ ለራሱ በገጣጠመው ኮምፒውተር አጠገብ ወለሉ ላይ ተዘርግቶ ነበር። ቀኝ እጁ ተቃጥሏል። ሳጥኑ ክፍት ነው፤ የኮምፒውተሩ ሶኬት ግን ከግድግዳው ተነቅሏል።

«የተነቀለ ነገር ኤሌክትሪክ ይይዛል እንዴ?» አለች።

ፖሊሶቹ መብራቱን ከቆጣሪው አጥፍተው ጉዳዩንም ዘግተውት ነበር። የሟች ታናሽ ወንድም ኤሌክትሪሺያን ነው፤ ባለፈው ሳምንትም ከወንድሙ ጋር ተጣልቷል። እጁ ታስሮ ሶፋው ላይ ተቀምጧል።

«ወንድሜን ገድዬ በሙያዬ ልፈርም? ጅል እመስላለሁ?» አላት።

«እሱን ገና እያጣራሁ ነው» አለችውና ወደ ሚስትየዋ ዞረች። «ሰሞኑን በምን ተጠምዶ ነበር?»

«በዚህ ሴኪዩር ቡት በሚሉት! ያልተፈቀደ ፕሮግራም ኮምፒውተሩን እንዳያስነሳ የሚከለክል ነገር ነው። ያስተካክለዋል፣ ሲሠራበት ይውላል፣ ሶኬቱን ነቅሎ ይተኛል። በነጋታው ግን ጠፍቶ ያገኘዋል፤ ሰዓቱም ወደ ኋላ ሄዷል። ከረቡዕ ጀምሮ እንዲሁ አበደ። ዛሬ ዓርብ ‹የውስጡ ባትሪ ነው› ብሎ ከፈተው።»

«ባትሪው አሮጌ ነበር?»

«ሰኞ የገጠመው አዲስ ነው። በሚገጥመው ባትሪ ሁሉ ላይ ቀኑን ይጽፋል።»

መርማሪዋ ሳንቲም የምታክለውን ባትሪ ከማዘርቦርዱ ነቅላ አገላበጠቻት። ምንም አልተጻፈባትም። ቀጥላ ከግድግዳው ያልተነቀለውን የስክሪኑን ሶኬት ፈታ አየች።

«ማክሰኞ ማን መጣ?»

«የድሮ ሸሪኩ። ሲመጣ የመኪናው ሪሞት እምቢ ብሎት በር ላይ ሲራገም ነበር።»

ሸሪኩ ከሱቃቸው ዕቃ ሰርቋል ተብሎ፣ ሟች መስክሮበት፣ ሁለት ዓመት ታስሮ የወጣ ሰው ነው። ይቅር ብያለሁ ካለ ወዲህ ከቤቱ አይጠፋም። ለልቅሶ ሲመጣ መኪናው ከሩቅ «ጢጥ» ብላ ተቆለፈች።

መርማሪዋ ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበች።

«ሟች ሳጥን ሳይከፍት ሶኬት ይነቅላል። ገዳዩ ይህን ስለሚያውቅ በስክሪኑ ሶኬት ውስጥ የኤሌክትሪኩን ሽቦ ወደ መሬት ሽቦው ቦታ አዛወረ፤ ኤሌክትሪኩ በስክሪኑ ገመድ በኩል ሳጥኑ ውስጥ ገባ። ሳጥኑ ከውጭ ፕላስቲክ ስለሆነ የውስጡን ብረት ካልነኩት አይታወቅም። እንዲነካው ደግሞ መክፈት ነበረበት። ስለዚህ አዲሱ ባትሪ በሞተ ተተካ፤ ሶኬቱ በተነቀለ ቁጥር ሴኪዩር ቡቱም ሰዓቱም ይጠፋል። አዲሱስ የት ገባ? የመኪናህን ቁልፍ አምጣ።»

ሸሪኩ አልተንቀሳቀሰም። ፖሊሱ ከኪሱ አወጣው። መርማሪዋ ሪሞቱን በጥፍሯ ፈለቀቀችው፤ ባትሪው ላይ በሟች እጅ የሰኞ ቀን ተጽፎበታል።

«ለምን አልጣልከውም?»

«የሚሠራ ባትሪ?» አለ ከልቡ ተገርሞ። ሃያ ዓመት የጠገነ እጅ ደህና ዕቃ አይጥልም።

ወንድምየው ከሶፋው ተነሳ። «በወንድሜ ገበታ እየበላህ!»

«ካልተጠጋሁት እንዴት አገኘዋለሁ? ዕቃውን የሸጠው እሱ፣ የታሰርኩት እኔ። እናቴን እንኳ አልቀበርኩም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ብትሰቅሉኝም አይቆጨኝም።»

ፖሊሱ ካቴናውን ከወንድምየው እጅ ፈትቶ ለሸሪኩ አጠለቀለት። ሚስትየዋ ቀርባ ፊት ለፊቱ ቆመች። አላለቀሰችም።

«ዕቃውን ማን እንደሸጠ አውቅ ነበር» አለች። «ባሌን እንዳላጣ ብዬ ዝም አልኩ። ይግባኝ ስትል በአንድ ቃል ላስፈታህ እችል ነበር። ስምህ እንዲጸዳ እውነቱን ልናገር የቀጠርኩት ለነገ ነበር፤ ቅዳሜ፣ ከጠበቃህ ጋር።»

ሸሪኩ ሊናገር አፉን ከፈተ።

«አሁን ያን ቃል ማንም አይሰማውም» አለችና በሩን ከፈተችለት።