የተፈታው ዳዶ

ኦሪን ቮስ በገዛ ጋራዡ ሲሚንቶ ላይ በጀርባው ተዘርሯል። ጥይቱ በጉንጩ ገብቶ ማጅራቱን በርግዶ ወጥቷል፤ ደሙ እስከ ሥራ ጠረጴዛው እግር ድረስ ፈስሶ ረግቷል። ክረምቱን ሙሉ እቤቱ ሲገጣጥመው የከረመው ጠመንጃ አጠገቡ ወድቋል። ሰደፉ ወደ ጎን ዞሯል።

«አደጋ ነው» አለ የአስከሬን ሐኪሙ። «ሰደፉ እጁ ላይ ዞረበትና ጠመንጃውን ለቀቀው። ሲወድቅ ባረቀበት።»

የሸሪፉ መርማሪ ሎርና ቴይት ተንበረከከች። «ፊቱ ላይ የባሩድ ቃጠሎ የታለ? ይሄ ራቅ ተብሎ የተተኮሰ ነው።»

ከዚያ ባትሪዋን አብርታ፣ የሰደፉን ቱቦ ከጠመንጃው አካል ጋር የሚያስረውን ጥርሳም ዳዶ ተመለከተች። ዳዶው ላልቷል። ከሥሩ ያለው ስስ ብረት ሁለት ቦታ ተገሽልጦ ያብረቀርቃል። አንዱ ጥርስ ላይ የደረቀ ደም አለ።

«ለቤተሰቡ በጥይት ሞተ ብቻ በሏቸው» አለች። «ስለ ጠመንጃው አንድም ቃል እንዳይወጣ።»

የሟች ሚስት ናዲን ወጥ ቤት ተቀምጣለች።

«ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በሩ ላይ ሆኜ ደሙን አየሁ። መግባት አልቻልኩም።»

«ጠላት ነበረው?»

«ዌድ፣ የልጄ የጆሊን ባል። ጆሊንን ደብድቧት ኦሪን በአካፋ እጁን ሰበረው። ከዚያ ወዲህ እገድለዋለሁ እያለ ይዝታል።»

«ወዳጅስ?»

«ኤሜት ብቻ። ልጃችን ኪፕ የዛሬ ሁለት ዓመት አደን ላይ ሞተ፤ ማን እንደተኮሰው እንኳ አልታወቀም። ሬሳ ሳጥኑን ከተሸከሙት አንዱ ኤሜት ነው። እሁድ እሁድ እዚህ ነው የሚበላው።»

ዌድ ቀኝ እጁ ከጣቶቹ እስከ ክርኑ በጄሶ ታስሯል።

«አላለቅስለትም» አለ። «ግን አልገደልኩትም።»

«በግራህ መተኮስ ትችላለህ።»

«መተኮሱማ ለማንም አያቅትም። እኔን ያቃተኝ ሱሪዬን መቆለፍ ነው።»

ኤሜት ስትራንድ ከመንገዱ ማዶ ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ ነው። ለኦሪን ጠመንጃ መገጣጠም ያስተማረው እሱ ነው። የቀኝ እጁን አንጓዎች በጨርቅ ጠቅልሏል።

«እጅዎን ምን ነካው?»

«የአጥር ሽቦ።»

«ጋራዡ የገቡት መቼ ነው?»

«ካለፈው ሳምንት ወዲህ አልረገጥኩትም። ያኔ ሰደፉን እንኳ አልገጠመውም ነበር።»

«እንዴት የሞተ ይመስልዎታል?»

ኤሜት ራሱን ነቀነቀ። «ኦሪን ችኩል ነበር። ዳዶውን እንዳይፈታ ሳይመታው ቀርቶ ነዋ። ዳዶው ሲላላ ሰደፉ ይዞራል፤ ሰው ደንግጦ ይለቀዋል። ስንቴ ነግሬው ነበር።»

ቴይት አመስግናው ወጣች።

በማግስቱ ሦስቱንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሲሚንቶው ታጥቧል፤ ጠመንጃው የብረት መያዣው ሞርሳ ላይ ታስሯል።

«ገዳዩ አደጋ እንዲመስል ፈልጓል» አለች። «ይሄ ዳዶ በተኩስ ንዝረት እንዳይፈታ፣ ከሥሩ ያለውን ብረት በሹል ነገርና በመዶሻ እየመቱ ጥርሱ ውስጥ ያስገቡታል። ኦሪን ሁለት ቦታ መትቶታል፤ አሳምሮ ሠርቶታል። እንዲህ የታሰረ ዳዶ በራሱ አይፈታም። ብረቱ እስኪገሸለጥ ድረስ በመፍቻ ያስገደደው ሰው አለ።»

ዌድ ጄሶውን አየ። «በዚህ እጅ አልችልም።»

«አትችልም። ሁለት ጤነኛ እጅ ይፈልጋል። ብረቱ ድንገት ሲለቅ ደግሞ መፍቻው ያመልጣል፣ አንጓም ዳዶው ላይ ይላጣል። ደሙ እዚሁ ጥርስ ላይ ቀርቷል። የናዲን እጅ ጭረት የለበትም።»

ሁሉም ወደ ኤሜት ዞሩ።

«ሰደፉ መዞሩን ለማንም አልነገርንም፣ አቶ ስትራንድ። ናዲን ከበሩ አላለፈችም። እርስዎ ግን ሰደፍ ያልተገጠመበት ጠመንጃ ነው ያየሁት ብለው፣ ዳዶው እንደላላ ነገሩኝ። ለምን እንደገደሉት ነው ያልገባኝ።»

ኤሜት የጠቀለለውን ጨርቅ ፈታ። አንጓዎቹ እስከ አጥንት ተልጠዋል።

«ኪፕን የመታሁት እኔ ነኝ» አለ። «ቅርንጫፍ ሲነቃነቅ አየሁና አጋዘን መስሎኝ ተኮስኩ። ትናንት ለኦሪን ነገርኩት፤ ይቅር ይለኛል ብዬ ነበር። ጎኔን በቡጢ ደበደበኝ። ከዚያ ‹ናዲን ስትመጣ እነግራታለሁ› ብሎ ወደ በሩ ሄደ። እሷ እንድታውቅ አልፈለግኩም። ጠመንጃው ለሙከራ ጥይት ጎርሶ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ስጠራው ዞረ።»

ናዲን መዶሻውን ከጠረጴዛው አነሣች። ቴይት ሳትደርስ ዌድ በግራ እጁ ክንዷን ያዘ። ታገለችው፤ ጄሶውን ሁለት ጊዜ መታችው። እሱ ግን ጥርሱን ነክሶ አልለቀቃትም። በመጨረሻ መዶሻው ከእጇ ወደቀ።

«ኪፕ ወዲያው ነው የሞተው?» አለችው ኤሜትን።

ኤሜት መሬት መሬት ያይ ነበር። «አይደለም። ቆይቷል። አጠገቡ ነበርኩ።»

«ምን አለ?»

«እናቴን ጥሩልኝ ይል ነበር።»

ቴይት ካቴናውን አስገባችለት። ናዲን በሩ ድረስ ተከተለችው።

«ታዲያ ለምን አልጠራኸኝም?» አለችው።