የግራ በኩሏ ዶሮ

«ዶሮ?» አለ አለቃ፣ ሥዕሉን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ። «ለአበባ ሰልፍ ዶሮ? እውነትም ዶሮ ብታልም ጥሬዋን!»

ክፍሉ በሙሉ አውካካ። ሥዕሉን የሣለችው ልጅ ግን ፈገግ እንኳ አላለችም። ጓደኞቿ ምስማር ይሏታል፤ አንዴ ከገባች ያለ ፒንሳ አትነቀልም እያሉ። አለቃ ደግሞ የክፍል አለቃቸው ነው፤ እውነተኛ ስሙን የምታስታውሰው እናቱ ብቻ ሳትሆን አትቀርም።

«ዝም ብላ ጥሬ የምትለቅም ዶሮ አይደለችም» አለች። «ጭልፊት ሲመጣባት ላባዋን ነፍታ፣ ጫጩቶቿን ከኋላዋ ከልላ የተነሳች እናት ናት። አይተህ ታውቃለህ? ውሻ እንኳ ይሸሻታል።»

«እኛ የምንሠራው ጣዎስ ነው። ያምራል፣ ያሸንፋል፣ አለቀ።»

ነገሩ የሥዕል ጠብ ብቻ አልነበረም። ትምህርት ቤቱ በየዓመቱ ለከተማው ሰልፍ በአበባ የሚያስጌጠው የጭነት መኪና ሁለት ጎን አለው። በቀኝ በኩል ዳኞችና እንግዶች ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ በግራ በኩል ሌላው ሕዝብ ከገመድ ኋላ ይቆማል። የሚገዛው አበባ ለአንድ ጎን ብቻ ስለሚበቃ ሁሌም ቀኙ ያብባል፣ ግራው አረንጓዴ ሸራ ይለብሳል። አምና የምስማር እናት ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር ግራ በኩል ቆማ ነበር። መኪናው ሲደርስ ለማጨብጨብ እጇን አነሳች፤ ሸራውን ስታይ መልሳ አወረደችው። ያቺ የወረደች እጅ ምስማርን ዓመቱን ሙሉ ስታንገበግባት ከርማለች።

«ግራውን ለኔ ስጡኝ» አለች ወደ ሥዕል አስተማሪያቸው ዞራ። «አበባውን ራሴ አመጣለሁ።»

«ከየት? ከሰማይ?» አለ አለቃ።

ቲቸር መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ። «እንግዲያው እንዲህ ይሁን። ቀኙ ያንተ ጣዎስ፣ ግራው ያንቺ ዶሮ። አንዱ በሌላው ሥራ እጁን አያስገባም። ተስማማን?»

ተጨባበጡ። አለቃ እጇን ጠበቅ አድርጎ ያዘው፤ እሷም ቶሎ አልለቀቀችም።

እናቷ የምትሠራው አበባ ማሸጊያ ውስጥ ነው። አገዳው ያጠረ ጽጌረዳ ለገበያ አይሆንም ተብሎ በየቀኑ ሲደፋ ታያለች። ምስማር ነገሩን ስትነግራት ጫማዋን እያወለቀች ሳቀች።

«የሥራ አለቆቼን አስፈቅዳለሁ» አለች። «ግን ልጄ፣ እንዳታሳፍሪኝ። ሴቶቹን ሁሉ ሰብስቤ ግራ በኩል ነው የማቆማቸው።»

«አቁሚያቸዋ!»

«ኧረ የዚች ልጅ ምላስ!»

በሰልፉ ዋዜማ ሴቶቹ የተጣለውን አበባ በጆንያ በጆንያ ተሸክመው መጡ። አገዳው አጭር በመሆኑ ከሽቦ መረቡ ጋር ልጥፍ ብሎ ይቀመጣል፤ ብዙ በመሆኑም ክፍተት የሚባል የለም። ዶሮዋ በቀይና በቢጫ ላባዋን ነፋች። የአለቃ ጣዎስ ግን አበባ አንሶት ሽቦው እዚህም እዚያም ብቅ ብቅ ብሏል፤ አንገቱም ጉንፋን የያዘው ይመስል ዘመም አለ።

በማግስቱ ጠዋት አለቃ ዶሮዋ ፊት ብዙ ቆመ።

«እውነቱን ልናገር፣ ከኔ ትበልጣለች» አለ። «ፍሬሞቹ ይፈታሉ አይደል? እንቀያይራቸው። ዶሮዋ ወደ ዳኞቹ ትዙር። ማይክ ይዘሽ ለዳኞቹ የምታብራሪውም አንቺ ነሽ።»

የምስማር ልብ ዘለለ። ያ ሁሉ የሳቀባት ልጅ ድምጿን በማይክ ሲሰማ ታያት። በጣም ፈለገችው።

ቲቸር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። አንደኛ ልንወጣ እንችላለን።»

«ግራውስ?»

«ጣዎሱ አለ አይደል?» አለ አለቃ። «ከሸራ ይሻላል። እነሱ እንደሆነ አያማርጡም።»

ደሟ ፈላ። «አያማርጡም? ቀኑን ሙሉ አበባ ሲመርጡ የሚውሉ ሴቶች ናቸው! ተጨባብጠን አልነበር? ቀኙ ያንተ፣ ግራው የኔ። አበባ ካነሰህ የተረፉት ጆንያዎች ያውልህ፤ ጣዎስህን አብሬህ እሞላለሁ። ዶሮዋ ግን ንቅንቅ አትልም።»

«ብንሸነፍስ?» አሉ ቲቸር።

«እንሸነፋ!»

አለቃ ፀጉሩን አከከ፣ ጆንያዎቹን አየ፣ ጣዎሱን አየ።

«ምስማር ያልንሽ ወደን አይደለም» አለና አጎንብሶ አንዱን ጆንያ አነሳ።

ሞተሩ ሲነሳ የጣዎሱ አንገት ቀጥ ብሎ ነበር። በቀኝ በኩል፣ ማይኩ አጠገብ አሁንም ለምስማር ቦታ ተይዞላታል። እሷ ግን ፒንሳውን ይዛ ወደ ግራ ዞረች፤ የዶሮዋን ፍሬም ያሰረውን ሽቦ አንድ ዙር አጠበቀችውና እዚያው ከጫጩቶቹ ጎን ወጥታ ተቀመጠች።

መኪናው ሲታጠፍ ከገመዱ ኋላ የቆሙት ሴቶች ታዩ። እናቷ እጇን አንስታለች።