ሰባን ማን አለ

አለሙ ፋኖስ ሊያመጣ ወጥቶ አልተመለሰም። ማክሰኞ ማታ፣ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ከእድሩ አዳራሽ ጀርባ ባለችው ዕቃ ቤት ውስጥ በግንባሩ ተደፍቶ አገኙት። ከኋላው በጎማ መፍቻ ብረት ተመቷል። ፋኖሱ በእጁ ነው፤ ክብሪቱን ገና አልጫረም።

ምክትል ኢንስፔክተር ትርንጎ በማግስቱ ከመስክ ስትመለስ ሳጅን ደሳለኝ ጉዳዩን ዘግቶ ጠበቃት።

«ብረቱ የደጀን ነው። የጅቡቲ መስመር ሾፌሩ። አስሬዋለሁ።»

«አመነ?»

«ዝም አለ።»

«ዝም ማለት ማመን ነው?»

«ንጹሕ ሰው ይጮሃል እንጂ ዝም ይላል እንዴ?»

ትርንጎ በመስኮቱ በኩል ግቢ ውስጥ የቆመ ሰው አየች። ጋቢ ለብሷል፤ ራሱን ተላጭቷል። የሟቹ ታላቅ ወንድም ይሻው ነው፤ ከቀብር በቀጥታ መምጣቱ ነው። ወጥታ አነጋገረችው።

«እግዜር ያጽናዎት፣ አቶ ይሻው።»

«ያጽናኝ። ሾፌሩን ስጡኝ አልልም፤ እሱ እናንተ ዘንድ ነው። ገሳይ ከተማ ላይ ግን ወንድም አለው፣ ወፍጮ ቤት ያለው።»

«ወንድምየው ምን አደረገ?»

«የኔ ወንድም ምን አድርጎ ነበር?» አለ። «ሣልስቱ አርብ ነው። እስከዚያ ሕግ ይቅደም። ከዚያ በኋላ ደም መላሽ እኔ ነኝ።»

ዛቻ አይመስልም፤ የማኅበር ቀን የሚናገር ነው የሚመስለው። ትርንጎን የሚያስፈራትም እንዲህ ያለው ነው። አባቷ የተገደሉት ሌላ ሰው ባፈሰሰው ደም ሳቢያ ነው። ገዳዩ ሌላ መሆኑ የታወቀው ከተዝካራቸው በኋላ ነበር፤ ያኔ ይቅርታ የጠየቁት ሽማግሌዎች ጠላቸውን ጠጥተው ሄዱ። አሁን ገሳይ ላይ አንድ ባለወፍጮ በሩን ዘግቶ ተቀምጧል። ያላት ሁለት ቀን ነው።

ወደ አዳራሹ ሄደች።

አለሙ አሥራ ሁለት ዓመት ጅቡቲ ኖሮ የተመለሰ ሰው ነው። ደብረ ታቦር ላይ በሳምንት ሦስት ምሽት፣ ሰው ከሥራ ሲወጣ፣ ለጎልማሶች ፈረንሳይኛ ያስተምር ነበር። «ሙሴ» ይሉታል፤ በፈረንሳይ አፍ አቶ ማለት ነው። በጎን ልጃገረዶችን ለቤት ሠራተኛነት ወደ ቤይሩት ይልክ ነበር። ይሄንን ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ አፍ አውጥቶ የሚናገር ግን የለም።

በዚህ ዓመት አምስት ተማሪ ነበረው፤ ቦታቸው አይለዋወጥም። አንደኛ ደጀን። ሁለተኛ ነርሷ ሕይወት። ሦስተኛ ጋፋት ላይ ቱሪስት የሚያስጎበኘው ማሩ። አራተኛ ጡረታ የወጡት የጂኦግራፊ አስተማሪ ጋሽ ፋሲል። አምስተኛ፣ በጓሮው በር በኩል፣ የወረዳ ታይፒስት የነበሩት እትዬ ብዙነሽ። መኪናው ውጭ ስለሚያድር ደጀን የመፍቻ ቦርሳውን ይዞ ገብቶ በዚያው በር ሥር ያስቀምጠዋል።

መብራት በፈረቃ ነው። አንድ ሰዓት ላይ ሲጠፋ አለሙ «ኮንቴ!» ብሎ ይወጣል፤ ቁጠሩ ማለቱ ነው። እሱ ፋኖስ እስኪያመጣ እነሱ በጨለማ፣ በወንበራቸው ተራ፣ አንድ ሰው አንድ ቁጥር እያለ ከአንድ እስከ መቶ ይቆጥራሉ። የተሳሳተ ሳምንቱን ሙሉ ሲሳቅበት ይከርማል።

ትርንጎ አንድ በአንድ አስጠራቻቸው። መቀመጥ አትወድም፤ በመስኮቱና በሰሌዳው መካከል እየተመላለሰች ጠየቀች።

«ማን ወጣ?» አለቻት ሕይወትን።

«ማንም። አምስታችንም እስከ መቶ ቆጠርን።»

ማሩ ገባ። «ማንም አልወጣም። አምስታችንም እስከ መቶ ቆጠርን።»

ጋሽ ፋሲል ገቡ። «አምስታችንም እስከ መቶ ቆጠርን፣ ልጄ።»

ትርንጎ ቆመች። ሦስት ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ይዞ ሲመጣ ወይ ጸሎት ነው ወይ ውሸት። ስለ ሞት ብትጠይቃቸው ያቺኑ ይደግሙላታል። ሌላ ጠየቀች።

«ጋሽ ፋሲል፣ ይሄ ፈረንሳይኛ ከባድ ነው አሉ። ቁጥሩ ሳይቀር ያስቸግራል?»

የሽማግሌው ፊት በራ። «ቁጥሩ ነው እንጂ የሚያስቸግረው። ማክሰኞ ታዲያ መቶን ያልኩት እኔ ነኝ። ሳን! አርባ ዓመት አስተምሬ፣ ተማሪ ሆኜ መዝጊያው ለኔ ደረሰኝ።»

ሕይወትን መልሳ ጠራቻት።

«ሰባ ነው ጉዱ» አለች ሕይወት። «ሰባ የሚባል ቃል እኮ የላቸውም፤ ስልሳ ከአሥር ነው የሚሉት። ማክሰኞ ለኔ ደረሰኝ። ስዋሳንት ዲስ! አልተደናቀፍኩም።»

«ጎበዝ።»

«ሙሴ ቢሰማ…» ብላ አቋረጠች።

«ቢሰማ ደስ ይለው ነበር?»

«እንጃ» አለችና አጎነበሰች።

ማሩ ዘጠና አንድን አነሣ። «አራት ጊዜ ሃያ ከአሥራ አንድ ነው የሚሉት። ፈረንጆቹ ጋፋት ድረስ መጥተው በአገሬ ያሳስቱኛል። ማክሰኞ ግን አለፍኩት።»

ደጀንን ጣቢያ ሄዳ አየችው። ስለ ግድያው መልስ አልሰጣትም። ስለ ቁጥሩ ስትጠይቀው ግን በእስሩ መካከል ፈገግ አለ።

«ሰባ ሰባት። ጅቡቲ ኬላ ላይ አሥር ዓመት የሳቁብኝ በእሷ ነው። ማክሰኞ አልኳት።»

«ለወንድምህ አታስብም? ወፍጮውን ዘግቶ ተደብቋል።»

ፈገግታው ጠፋ። «አርብ ይደርሳል» አለ።

«አርብ ምን አለ?»

ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

አዳራሹ ስትመለስ መጨረሻ የቀረቡት እትዬ ብዙነሽ ናቸው። ጥቁር ለብሰዋል። ለአለሙ አይደለም፤ ልጃቸው አዲስዓለም ቤይሩት ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኗታል፣ ጥቁሩን አላወለቁም። በአለሙ ቀብር ላይ ግን ከፊት ቆመው ታይተዋል።

«እርስዎንስ የትኛው ቁጥር አስቸገረዎት?»

«ሰባ አምስት።»

ፈገግታ የለ፣ ወሬ የለ። የቀበሌ መታወቂያ ቁጥር የሚነግሩ ነው የሚመስሉት። ትርንጎ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ደብተራቸውን አነሣች። ከፊት በኩል ትምህርቱ ነው፦ ገበያ፣ ቤተሰብ፣ ሰላምታ። ከኋላ በኩል ሌላ ዝርዝር አለ፣ ፈረንሳይኛው በግራ፣ አማርኛው በቀኝ፣ እንደ ታይፕ የተሰለፈ። *መውደቅ። አራተኛ ፎቅ። መስኮት። ቆለፈ። ሦስት ጊዜ ጻፈች። ያለ ቄስ።*

«ይሄንንም ተማራችሁ?»

«እኔ ጠይቄ ነው።»

«ማንን?»

«ሙሴን» አሉ እትዬ ብዙነሽ። «አስተማሪው እሱ አይደል?»

ሐሙስ ማታ ትርንጎ ቢሮዋ ጠረጴዛ ላይ አምስት ፍሬ ሽምብራ ደረደረች። በጣቷ እየነካች ከአንድ እስከ መቶ ቆጠረች። አንዱን ፍሬ አንሥታ በላችና እንደገና ቆጠረች። ከዚያ ደሳለኝን ጠርታ «ነገ ሁሉም በየቦታው ይቀመጥ፤ ይሻውንም አምጣልኝ፣ ያለ ጠመንጃ» አለችው።

አርብ ከሰዓት በፊት አዳራሹ ሞላ። ደጀን ካቴና እንዳጠለቀ አንደኛው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ይሻው ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ሣልስቱ ላይ ሰው እየጠበቀው ነው፤ ቶሎ በይ ይላል ዓይኑ።

«አምስት ሰው በተራ ሲቆጥር» አለች ትርንጎ «አምስተኛው አምስት ይላል፣ ቀጥሎ አሥር፣ ቀጥሎ አሥራ አምስት። እንዲህ እያለ ሰባም የእሱ ነው፣ መቶም የእሱ ነው። አምስተኛዋ እትዬ ብዙነሽ ናቸው። ታዲያ ሰባን ሕይወት እንዴት አለችው? መቶን ጋሽ ፋሲል እንዴት አሉት?»

ሕይወት እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«የቆጠራችሁት አራት ሆናችሁ ነው። በአራት ሰው መቶ የአራተኛው ነው፣ ሰባ የሁለተኛው ነው። ልክ ይመጣል።»

«የጎደለው ሾፌሩ ነዋ!» አለ ይሻው።

«ደጀን ቢጎድል ሕይወት አንደኛ ትሆናለች። ከአራት አንደኛ የሆነ ሰው አንድ፣ አምስት፣ ዘጠኝ እያለ ነው የሚሄደው፤ ሰባ መቼም አይደርሰውም። እሷ ደግሞ ሰባ ብላለች። ስለዚህ ከፊቷ ሰው ነበረ፤ ደጀን ነበረ። ሰባ ሰባት ያለውም እሱ ነው። ማሩ ወይ ሕይወት ቢጎድሉ ደግሞ ጋሽ ፋሲል ሦስተኛ ይሆናሉ፤ መቶ አይደርሳቸውም። አራቱም እዚሁ ነበሩ።»

ወደ መጨረሻው ወንበር ዞረች።

«በደንብ የዋሹት እርስዎ ብቻ ነዎት፣ እትዬ ብዙነሽ። ሰባ አምስት በእርግጥ ለአምስተኛ ሰው ይደርሳል። እርስዎ አስልተው መጡ። እነዚህ ግን ለሁሉም ነገር ውሸት አዘጋጅተው ለቁጥሩ ረሱ። ስድስት ወር የለፉበት ነው፣ ኮሩበት። ማሩ፣ ማክሰኞ ሰባ አምስትን ማን አለ?»

ማሩ ወለሉን አየ።

«ማሩ።»

«እኔ» አለ።

እትዬ ብዙነሽ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ተወው ልጄ» አሉት። «አትጨነቅ። እኔ ነኝ።»

ይሻው ከግድግዳው ተነጠለ። አንዱ ሽማግሌ ክንዱን ያዙት።

«ልጄ ስትሞት ደብዳቤ መጣ» አሉ ብዙነሽ፤ ለትርንጎ ሳይሆን ለይሻው ነው የሚናገሩት። «ጎረቤት የነበረች ሴት ናት የጻፈችው፣ በፈረንሳይኛ። ወንድምህ አነበበልኝ። በንዳድ ሞተች፣ በክብር ቀበሯት አለኝ። አንድ ትንፋሽ አልፈጀበትም። ወረቀቱ ግን ሁለት ገጽ ሙሉ ነበር። እኔ ሠላሳ ዓመት ታይፕ ስመታ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ሁለት ገጽ ስንት ነገር እንደሚይዝ አውቃለሁ።»

«ለሌላ ሰው አታስነብቢም ነበር?» አለ ይሻው።

«ማን አለ እዚህ? ደግሞስ ከሱ የተሻለ ማን ያስተምረኛል? ተመዘገብኩ። አሮጊቷ ቦንዡር ልትል ነው ብሎ ሳቀ። በየምሽቱ አንድ ቃል ይዤ እሄዳለሁ፤ አንድ ብቻ፣ ከየት እንደመጣ እንዳያውቅ። ሙሴ፣ ይሄ ምን ማለት ነው? ይነግረኛል። ልጄ እንዴት እንደሞተች አንድ በአንድ ያስተማረኝ ራሱ ነው።»

ጋሽ ፋሲል ቀጠሉ። «ሰማንያ ስንል ተመልሳ ተቀመጠች። መቶ ካልኩ በኋላ በጨለማው ነገረችን። የፈለጋችሁትን በሉ፣ አለች። እኛም ይሄንኑ ተስማማን። ብረቱ የማን መሆኑን ያሰበ አልነበረም።»

«አንተስ?» አለችው ትርንጎ ደጀንን። «አንተ ለምን ዝም አልክ?»

«አዲስዓለምን እስከ አዲስ አበባ ያደረስኳት እኔ ነኝ» አለ ደጀን። «በመኪናዬ። መንገዱን ሙሉ ስታወራኝ ነበር። ሊይዙኝ ሲመጡ እትዬ ሦስት ቀን ስጠኝ አሉኝ፣ ሰጠኋቸው።»

«ሦስት ቀን ለምን?»

«ቀብሩንና ሣልስቱን ላይ» አሉ ብዙነሽ። «የልጄን አላየሁም። የሱን አፈር ሲለብስ ማየት ነበረብኝ። አየሁ። ዛሬ ከሣልስቱ በኋላ እጄን ልሰጥ ነበር።»

ይሻው ፊታቸው መጥቶ ቆመ።

«ወንድም አለሽ?»

«ሞቷል።»

«የአጎት ልጅ?»

«የለም። ወንድ ልጅም የለኝም፣ ባልም የለኝም። ከኔ ወገን ጠመንጃ የሚነሣበት ሰው አታገኝም። አስቤበት ነው የገባሁት።»

«አስበውበታል» አለች ትርንጎ፤ ድምፅዋ ከቁጣ ብዛት ቀጥኗል። «ገሳይ ያለውን ባለወፍጮስ አስበውታል? ትናንት የቸኮለ ሰው ቢገድለው ኖሮ፣ ዛሬ መጥተው ለልጆቹ ምን ሊሏቸው ነበር? ቀብር ላይ ብዬ ነው?»

እትዬ ብዙነሽ እጃቸውን አዩ።

ይሻው አልተነቃነቀም።

«ወረቀቱ አለ?» አለ።

ከደረታቸው አወጡ። በላስቲክ ተጠቅልሏል።

«አንብቢው።»

«አማርኛውን ልንገርህ።»

«አይ። እሱ እንደዘለለው አትዝለይብኝ። ፈረንሳይኛውንም፣ አማርኛውንም። ሁለቱንም ገጽ።»

አነበቡ። አንድ ዓረፍተ ነገር በዚያ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር በዚህ። የተቆለፈው በር። ለአለሙ የተጻፉት ሦስት ደብዳቤዎች፤ አውጣኝ የሚሉ። የሱ መልስ፣ ለአሠሪዋ የተላከው፦ *አትልቀቋት፤ ትለምዳለች።* አራተኛው ፎቅ። ያለ ቄስ የተቆፈረው ጉድጓድ። ይሻው እስከ መጨረሻው ቆሞ ሰማ። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፤ እሱ አልተቀመጠም።

ሲያበቁ ወደ ደጀን ዞረ።

«ወንድምህን ወፍጮውን ይክፈት በለው» አለ።

ጋቢውን ትከሻው ላይ ጥሎ ወጣ። የሣልስቱ ቤት ወደ ቀኝ ነው፤ ድንኳኑ ከበሩ ይታያል፣ ሰው ተነሥቶ እየጠበቀው ነው። እሱ ወደ ግራ ታጥፎ ወደ ጋፋት የሚወስደውን የእግር መንገድ ያዘ። ትርንጎ የደጀንን ካቴና ፈታችና እትዬ ብዙነሽ ዘንድ ሄደች። እሳቸው ደብዳቤውን አጥፈው ወደ ደረታቸው መለሱና ሁለቱንም እጃቸውን ዘረጉላት።